ማስተንፈሻ

ከፉነስዳለን ወዲያ፣ ሐይቁ ድንጋይ በሆነበት፣
ነጭ ልጥ የለበሱ ዛፎች ትከሻ በተጋፉበት፣
አባታችን የተወልን አንድ ካራቫን አለ።
ጎዶሎው ሳምንት የእኔ፣ ሙሉው የሲክስተን ተባለ።
ዳኛ አይደለም የከፈለው፤ ቂም ነው፣
የጀልባ ቤቱን የሸጥኩ ዕለት የያዝነው።

አራት ክረምት አልተያየንም።
የምንነጋገረው በደብተር ነው፤ ከመሳቢያው አይወጣም፤
ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው፣ ስም አይጠራም፦
"ጋዙ አልቋል። ሌላው ሲሊንደር ግማሽ ነው።"
"ትራሱን ከግድግዳ አርቅ። ሙቀቱ በጀርባው ነው የሚወጣው።"
"ገንዳው ወርዷል። የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምር፣ ዝገት ይወልዳል፤
የተጣራ ውሃና አንቱፍሪዝ፣ እኩል በእኩል ይሆናል።"
"ፈሳሹ አምስት ዓመቱ። መቀየር አለበት።"
ከሥሩ እኔ፦ "አንተ ቀይረው።"
ከሥሩ እሱ፦ "ተራው የማን ነው?"

በመጸው ቀየረው፤ ብቻውን።
ብቻውን ስለሆነም አየር ገባበት።
በጥር፣ በእኔ ሳምንት፣ ብርዱ ሃያ ስድስት ሲወርድበት፣
ቦይለሩ ይነድዳል፣ ፓምፑ ያጉረመርማል፣
ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ሰማንያ ይላል፤
ከፊተኛው አልጋ ሥር ያለው ራዲያተር ግን
የሬሳ እጅ ይመስላል።
ሌሊቱን ሁሉ ቱቦው እንደ ተራበ ሆድ ጮኸ።
ውሃው አለ። እሳቱ አለ። መንገዱም አለ።
መሀል ላይ አንድ ጭብጥ አየር ተቀምጦ
አላሳልፍም አለ።

አባታችን ይል ነበር፣ ልጆች ሳለን፦
"አየር ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አያውቅም።
አፍንጫዋን አንዱ ከውጭ ያንሳላት፣
አንዱ ከውስጥ ብሎኗን ይፍታላት።
ብቻውን የሞከረ ወይ ይረጥባል፣ ወይ ይበርደዋል።"
ብቻዬን ሞከርኩ። ሦስቴ ወጣሁ፣ ሦስቴ ገባሁ።
ረጥቤም በርዶኝም ተቀመጥኩ።

እሑድ ቀትር ላይ ሳምንቴ አለቀ።
አልሄድኩም።

ሲክስተን መጣ። መኪናዬን አየ።
አንዲት ቃል አልተነፈሰም።
ጓንቱን አጠለቀ፣ ከፊት ተንበረከከ፣
የአፍንጫ ጎማውን ማንሻ ይዞ ጠበቀ።
እኔ ፓምፑን አጥፍቼ በደረቴ ተሳብኩ፤
ባትሪ በጥርሴ፣ ካቻቢቴ በቀኝ፣ ስኒ በግራ።
ባትሪውን ተፋሁት። እንዴት ሌላ ልጣራ?
"ሲክስተን!"
"ወይ።"
"አንሳው።"

ካራቫኑ እያቃሰተ ቀና አለ፤
መሳቢያው ተከፈተ፣ ደብተሩ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።
"ይበቃል?" "ጥቂት።"
"ይበቃል?" "እንዳለ ያዘው!"
ብሎኑን ሩብ ዙር ፈታሁት።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ያ ሁሉ ዝም ያለ ቱቦ
ተነፈሰ፤
ቀጭን፣ ረጅም፣ ለማለቅ የማይቸኩል፤
የእኔ ይሁን የእሱ ትንፋሽ መለየት አቃተኝ።
ቀጥሎ አረፋ፤ ቀጥሎ ሮዝ ጠብታ፣ ስኒው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ።
"መጣ!"
"ዝጋዋ እንግዲህ! ምንጣፉን ልታበላሽ ነው?"
ያው ድሮው ድምፁ፣
ታላቅነቱን አንዴም ያልረሳው።

ገንዳውን አየነው፤ ሁለት ጣት ጎድሏል።
እሱ አንቱፍሪዙን ቀዳ፣ እኔ የተጣራውን ውሃ፣
በአንድ ጆግ፣ እኩል በእኩል።
ፓምፑን አስነሳን። ራዲያተሩን ዳበስን፣
እሱ ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ።
"ለብ አለ።"
"ገና ነው።"
"ይደርሳል።"

የጀልባ ቤቱን አላነሳንም።
እሱ ግን ደብተሩን ከወለሉ አንስቶ፣
እርሳሱን ምላሱ ላይ አርሶ ጻፈ፦
"አየር ወጥቷል። ከውጭ ሲክስተን፣ ከውስጥ አልጎት።"
ስሜን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ፊደሉን ልክ እንደ አባታችን ያጋድመዋል።

መመሪያው ላይ አንድ መስመር አለ፣ ሁለታችንም እናውቃታለን፦
አየር በአንድ ጊዜ አይወጣም፤
አንድ ሌሊት አሳድረህ እንደገና አስተንፍስ።
ጮክ ብሎ ያነበባት የለም።
ሲክስተን ሁለተኛውን አልጋ ዘረጋ፤
ትራሱን ከግድግዳው
አንድ ስንዝር አራቀልኝ።